የራውተሩ ቤት

ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ የስኳር ጣሳውን ቁልፍ ፈልጋ ብታጣ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጋሼ ቁልፍ ከሥራ እስኪመለሱ መራራውን ጠጡ» አለች። እንግዶቹ ሳቁ፣ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ። እሱ ግን አልተቀየመም። ሌላው ሰው ቅጽል ስም የሚወጣለት በአፍንጫው ወይም በአረማመዱ ነው፤ የእሱ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን እንደ ክብር ነው የቆጠረው።

ሥራው ላሜራ ነው። ላሜራ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ቀጥቅጦ የጣራ አሸንዳ ይሠራል፤ የጭስ ማውጫ፣ የዱቄት ማስቀመጫ፣ የልብስ ሣጥን ይሠራል። ክዳን ያለው ነገር ሁሉ ጓጉንቸር ይገባዋል ባይ ነው። ቤቱም ለዚህ ምስክር ነው። ስኳሩ ይቆለፋል፣ መድኃኒቱ ይቆለፋል፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የራሱ ትንሽ ሣጥን አለው። የልብስ መቆንጠጫዎቹ ሳይቀሩ ጓጉንቸር አላቸው፤ መቆንጠጫ ሊሰርቅ የሚመጣው ሌባ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ዘለላ ከቀበቶው ላይ ስለሚያንጠለጥል፣ ሰውየው ገና ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጅ ሳለ አባቱ የሥራ ዕቃውን ባልተዘጋ በር ትቶ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብሎ ቢመለስ መቀስም መዶሻም የለም። አባትየው ከዚያ በኋላ ሱቅ አልነበረውም፤ ዕድሜውን የጨረሰው ድንጋይ በመሸከም ነው። ጋሼ ቁልፍ ይህን ለማንም አያወራም። ማለዳ ከቤት ሲወጣ ግን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይዞርና እያንዳንዱን ጓጉንቸር ነካ ያደርጋል፤ ተከፍቶ ያገኘውን ይቆልፋል። አፉ ከሚስቱ ጋር ስለ ሌላ ነገር እያወራ እጁ የራሱን ሥራ ይሠራል። ቆልፈሃል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ ዞር ብሎ ማየት አለበት።

ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ያደገችው በሱቁ ወለል ላይ፣ በቁርጥራጭ ላሜራ መሀል ነው። ሌሎች ልጆች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ ከትርፍራፊው ጫማና ወፍ ትሠራ ነበር። አድጋም አልተወችውም። አንድ እግሩን ያጣ የሰፈር ፖስታ አመላላሽ ነበር፤ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ እግር ጉልበቱ ላይ እየፋቀ ያቆስለዋል። ቁጭ ብላ መጋጠሚያውን ፈትታ፣ ሞርዳ፣ ከውስጥ ስስ ላሜራ አጥፋ አስገባችለት፤ ሰውየው በማግስቱ ቁልቁለቱን እየዘፈነ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ ሌላ ነገር አልከጀለም። ሰው ሠራሽ እጅና እግር መሥራት መማር ነው የምፈልገው አለች።

እሱ በሆዱ ሱቁን ሲያስብላት የኖረ ሰው ነው። ከስሙ ቀጥሎ «እና ልጁ» የሚል የሚጻፍበት ማስታወቂያ ሳይቀር አስልቶ፣ ላሜራውን ቆርጦ ከአልጋው ሥር አስቀምጦ ነበር። ቢሆንም መንገድ ላይ አልቆመባትም። በኋላኛው ክፍል ወፍራም የሥራ ጠረጴዛ ሠራላት፤ እንዳይነቃነቅም ብረት ጨብጦ የሚይዘውን ሞርሳ ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛውን ከወለሉ ጋር በብሎን አሰረላት። እሷም እዚያ ላይ ሆና ከስስ ላሜራና ከሽቦ ጣቶቹ የሚታጠፉ እጅ መሥራት ጀመረች። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ቀስ ብሎ እየገባ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ያያል።

«እኔ ይሄን አልሠራም» አላት ሚስቱን አንድ ቀን። «እጄ እዚህ ድረስ አይሄድም።»

ኢንተርኔት ወደ ቤታቸው የገባው በዚያን ሰሞን ነው። የኩባንያው ሰው መጥቶ ገመዱን ሳበና ራውተሩን ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ዝቅ አድርጎ ሰክቶት ሄደ። ጋሼ ቁልፍ ወንበር ስቦ ሲያየው አመሸ። ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ከላይ አቧራ አለ፣ ከታች የሚስቱ መወልወያ ውሃ ይረጫል፣ ወጪ ገቢው በጎኑ ይገፈትረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ ተጥሎ ሲያይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አይደለም።

ስለዚህ ቤት ሠራለት። ከጥሩው ላሜራ ቆርጦ፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ፣ መጋጠሚያው በጥፍር እንኳ እንዳይያዝ አድርጎ ደበደበው። አየር እንዲያገኝ ብሎ በሩን በሚስማር አንድ በአንድ በስቶ የቅጠል ቅርጽ ያለው ወንፊት አወጣለት። ከታች ለገመዱ ቀዳዳ ተወለት። የግድግዳውን ቀለም ቀባው፤ መጨረሻ ላይ በትንሽዬ ጓጉንቸር ቆለፈው። እውነቱን ለመናገር የሚያምር ሣጥን ነበር።

«እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የወጥ ቤት መደርደሪያ ስለምንህ ኖሬ» አለች ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ትናንት ለመጣው ቪላ ሠራህለት?»

ልጅቷ ግን ወንፊቱን በጣቷ ዳሰሰችና «እጅህ ይባረክ አባዬ» አለችው። እሱ የሚስቱን ረስቶ የልጁን ይዞ ዋለ።

ላፕቶፑም በዚያው ሳምንት ነው የተገዛው። ሌላ ሰው የሠራበት ነው፤ ማጠፊያው ላላ ብሏል፣ ከፊደሎቹ አንዳንዶቹ ተፍቀው ጠፍተዋል። ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። የዋይፋዩን ስም አገኘ፣ የይለፍ ቃሉን ተቀበለ፣ ተገናኘሁ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ሳሎን ውስጥ ስልኮቹ ይሠራሉ። ሳሎኑና ሣጥኑ ጎን ለጎን ናቸው፤ በገመዱ ቀዳዳና በወንፊቱ የምታመልጠው ጭላንጭል እዚያ ድረስ ትበቃለች። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን አሰበው? ስልኩ ሠርቶ ላፕቶፑ እምቢ ካለ ጥፋተኛው ላፕቶፑ ነው፤ ያውም አሮጌ ላፕቶፕ። ማንም የሚፈርደው እንዲሁ ነው።

ልጅቷ ያልሞከረችው አልነበረም። አጥፍታ አበራችው። የዋይፋዩን ስም ከላፕቶፑ ሰርዛ እንደ አዲስ አስገባች። ጎረቤት ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ በስልክ እየነገራት የዋይፋዩን ሶፍትዌር አውጥታ መልሳ ጫነች። ጀርባውን ፈትታ ትንሿን የአንቴና ሽቦ ጫን ጫን አድርጋ ገጠመች። በስልኳ መስመር ልታያይዘውም ሞከረች፤ በዚያ በኩል ደግሞ ምስሉ እየቆመ አስቸገራት። ላፕቶፑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይዘጋል። አባትዬው በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል።

«ያረጀ ነገር እኮ ነው» ይላል። «ያረጀ ነገር አይታመንም።»

አንድ ምሽት ታዲያ ብሎን መፍቻውን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጣችና ሣጥኑ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ምናልባት ይሄ ይሆን እንዴ?»

«ሣጥኑ? ሣጥኑ ምን አደረገ?»

«እንጃ፤ ዝም ብዬ ነው።»

«ወንፊት አድርጌለታለሁ። ሰው ቢገባበት እንኳ ይተነፍሳል። ይልቅ ያንን ሽማግሌ ኮምፒውተርሽን ጠይቂው።»

ሳቀች፤ ነገሩንም ተወችው። የላሜራን ነገር ከአባቷ በላይ የሚያውቅ ሰው ለእሷ በምድር ላይ አልነበረም።

ነገሩ የከበደው ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ሩቅ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ጥያቄዋን ተቀብሎ፣ የሠራችውን እጅ ፎቶ አይቶ፣ በቪዲዮ ልናነጋግርሽ እንፈልጋለን አላት። የሚፈልጉት ወሬ ብቻ አይደለም። ካሜራው ፊት ሆና የእጁን አውራ ጣት መገጣጠሚያ ስትሠራ ማየት ይፈልጋሉ። ያ ደግሞ ሞርሳው ካለበት ከኋላኛው ክፍል ሌላ የትም አይሆንም። ቦታው በየዓመቱ የሚከፈት አይደለም፤ በአንድ ጊዜም የሚወስዱት ጥቂት ሰው ነው። እናትዬው የሰማች ዕለት አለቀሰች። አባትዬው «ጎበዝ» አለና ወደ ሱቁ ሄደ።

ወደ ኢንተርኔቱ ኩባንያ ደውሎ ሠራተኛ ያስጠራውም እሱ ነው። ሠራተኛው ሲመጣ ልጅቷ አክስቷ ቤት ሄዳ ነበር። ቦርሳውን በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ቀልደኛ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው ነው። ጋሼ ቁልፍ ከዘለላው ትንሿን ቁልፍ መርጦ ሣጥኑን ከፈተለትና የሰውየውን ፊት አየ፤ ምን እንደሚል ለመስማት። ሰውየው ስልኩን ይዞ ኋላኛው ክፍል ገባ፣ ላፕቶፑንም ነካካና ተመለሰ።

«ይሠራል፤ እንዲያውም ሸጋ ነው። እስቲ አሁን ይዝጉት።»

ዘጋው። ሰውየው እንደገና ገባ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ያፈነው ይሄ ብረት ነው። ብረት ሞገዱን አያሳልፍም።»

«ቀዳዳ አለው እኮ።»

«ቀዳዳው ለአየር ነው እንጂ ለዚህ አይበቃም። በሩን ክፍት ቢያደርጉት ይሻላል። ምክሬን ከፈለጉ ግን ጭራሽ ያውጡትና እንዲሁ ይስቀሉት። ሣጥኑንም ከሚጥሉት ሽንኩርት ያስቀምጡበት፤ ለሽንኩርት አንደኛ ነው።»

ሰውየው ክፋት አልነበረበትም። በየቤቱ እንዲህ እያለ የሚያልፍ ሰው ነው። ጋሼ ቁልፍም አብሮት ሳቀ፣ እስከ በሩ ሸኘው። ሲመለስ ግን ፊቱ ግሏል። ሽንኩርት! የቅጠሉን ወንፊት በበሳበት ሌሊት የተላጠው አመልካች ጣቱ ገና አልዳነም።

ልጅቷ መጥታ «ምን አለ?» ስትለው፣ «መጣ፣ አየ፣ መስመሩ ደህና ነው አለ» አላት። አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ትቶት ነበርና ላፕቶፑ ያን ምሽት እንደ ጉድ ሠራ። እሷ ከክፍሏ «አባዬ፣ ሰውየው አስተካክሎልን ሄዷል» እያለች ስትጣራ፣ እሱ ሳሎን ተቀምጦ «ተመስገን» አለ።

በልቡ ሁሉንም ጨርሶታል። እስከ ቃለ መጠይቁ በሩ ክፍት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቀለም ልቀባው ነው ብሎ ያወርደዋል፤ መልሶም አይሰቅለውም። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ስለ ሽንኩርት ሳያነሣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለልጁ አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር የቀረው፤ ያቺን አንዲት ቃል ነው ያልተናገራት። በነጋ ቁጥር በሣጥኑ አጠገብ ሲያልፍ እጁ ይበላዋል፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ያልፋል።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ሚስቱ ማልዳ ተነሥታ ቤቱን ወለወለች። ካሜራው የሚያየው አንድ ጥግ ነው ቢሏትም አልሰማችም፤ ኮሪደሩን ሳይቀር በውሃ አጠበችው። ውሃ እንዳይረጨው ብላም የሣጥኑን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ ምኑንም አታውቅም። ጋሼ ቁልፍ ለሥራ ሲወጣ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ጸጉሯን እየጠቀለለች አገኛት።

«ፈራሽ?»

«ትንሽ።»

«የምን ፍርሃት ነው? የእጅሽን ሥራ እኮ ነው የምታሳዪው። እጅሽ አያሳፍርሽም።» አቀፋት። ግንባሯን ሳመና «ይቅናሽ የኔ ልጅ» አላት። ይህን እያለ፣ ዓይኑ እሷ ላይ እያለ፣ ግራ እጁ በጎኑ የተዘጋ በርና የተንጠለጠለ ጓጉንቸር አገኘ። ቀጭ አደረገው፤ ወጥቶም ሄደ።

የዚያን ዕለት ሥራው አንድ ፎቅ ቤት ላይ አሸንዳ መግጠም ነበር። ጣራው ጫፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ የቁልፍ ዘለላው ጎኑን ወጋው። ሊያስተካክለው ያዘው። በጣቶቹ መሀል የገባችው ትንሿ ቁልፍ ናት። አያት። ያን ጊዜ ቀጭ ያለችው ድምፅ፣ ማለዳ ያልሰማት ድምፅ፣ በጆሮው መጣች።

ስልኩን አወጣ። የሚስቱን ቁጥር አገኘ፤ አውራ ጣቱን ከላዩ ላይ አደረገ። የሚለው አጭር ነው፦ መዶሻ አምጪና ጓጉንቸሩን ስበሪው። ቤት ውስጥ መዶሻ ሞልቷል፤ ያቺ ጓጉንቸር ደግሞ ሁለት ምት የምትችል አይደለችም። ግን ለምን ብላ ትጠይቀዋለች። ለምን ሲባል ሠራተኛው ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ይመጣል፣ «መስመሩ ደህና ነው አለ» ያለው ይመጣል። በሩ ሲጣመም፣ የቅጠሉ ወንፊት በመዶሻ ሲሰነጠቅ ታየው። ስንት ነው ከዚህ ቤቴ፣ አለ በልቡ፤ ሮጬ እደርሳለሁ። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተና መሰላሉን ወረደ።

አልደረሰም። ታክሲ አገኘ፤ ታክሲው አደባባዩ ላይ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና ሲጠመዘዝ መንገዱን ዘግቶት አገኘው። ወርዶ ሮጠ። በዚያ ዕድሜው፣ በሥራ ልብሱ፣ ዘለላው እየተንሿሿ ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ ዞር እያለ አየው። በሩን ሲከፍት ሚስቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ልጁ እርጥቡ ወለል ላይ፣ ከሣጥኑ ሥር ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ ነው፤ የላሜራው እጅ ከጎኗ ነው። ከስክሪኑ ውስጥ አንዲት ሴት ስላነጋገርሽን እናመሰግናለን፣ ቀጣዩ አመልካች እየጠበቀን ነው እያለቻት ነበር። ልጅቷ እሷም አመሰገነች። ክዳኑንም ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ጥሩ ነበር የጀመርነው» አለች ቀና ሳትል። «ይቆራረጣል ግን ይሰማል። ከዚያ አውራ ጣቱን ሥሪልን አሉኝ። ዞርኩና ሞርሳው ላይ አሰርኩት። እየሠራሁ እየነገርኳቸው፣ ይሄን የማደርገው ለዚህ ነው፣ ይሄ ሽቦ የሚያልፈው በዚህ ነው እያልኳቸው ጨረስኩት። እንደ ዛሬ አምሮልኝ አያውቅም አባዬ። ዞር ስል ስክሪኑ ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላውቅም። ለማንም አልነበረም ለካ ሳወራ የነበረው።»

እሱ ከዘለላው ትንሿን ቁልፍ ፈልጎ ያዘ።

«ይዤው ወደዚህ ሮጥኩ፤ እዚህ ጋ ሲሆን ይሠራል። የተሠራውን አሳየኋቸው። ስትሠሪ ነበር ማየት የፈለግነው አሉኝ። ሰዓቱም አልቋል።» ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ግድግዳው ላይ ልታስደግፍ ስትል ከሣጥኑ ጋር ተጋጨች። «ለምን እዚህ ብቻ እንደሚሠራ እንጃ።»

ምንም ሳይናገር ማለፍ ይችል ነበር። ይህን እሱም በኋላ ደጋግሞ አስቦታል፤ በዚያች ሰዓት ዝም ቢል ማንም የሚያውቅበት አልነበረም። ነገር ግን በእጁ የያዘው ቁልፍ ከበደው። ጎንበስ ብሎ ከራሷ በላይ ጓጉንቸሩን ከፈተ፤ በሩን ገለጠው።

«ላፕቶፑን ወደ ክፍልሽ ይዘሽ ግቢ» አላት።

ገባች። ብዙ አልቆየችም። ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ሣጥኑን፣ ከዚያ ቁልፉን፣ ከዚያ እሱን አየች።

«ሰውየው ነግሮኝ ነበር» አለ። «በሩን ክፍት ልተወው ብዬ ነበር። ማለዳ እጄ ቆለፈው። ጣራ ላይ ሆኜ ነው ያስታወስኩት።»

«ጣራ ላይ?»

«አዎ።»

«ስልክ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ ደውለህ ስበሩት አትለንም ነበር?»

እናትዬው «ልጄ» ብላ ልትገባ አለችና ተወችው። ጋሼ ቁልፍ ሮጬ የምደርስ መስሎኝ ሊል ሲል ዓይኑ ወደ ሣጥኑ ሄደ። ልጁ ሣጥኑን እንደገና አየችው፤ በሩ ላይ ያለውን ቅጠል።

«ሣጥኑ አሳዝኖህ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። የላሜራውን እጅ ከወለሉ አንሥታ ክፍሏ ገባች።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ብትሰድበው፣ ብታኮርፈው፣ ሣጥኑን አንሥታ ብትወረውርበት አንጀቱ ትንሽ ያርፍ ነበር። እሷ ግን እራት ላይ መጥታ ተቀመጠች፣ ጨው አቀብለኝ አለችው፣ እንደ ወትሮው ደህና እደሩ ብላ ተኛች። በማግስቱ ሣጥኑን ነቅሎ አወረደው። ራውተሩ እስከ ዛሬ ራቁቱን ነው፤ አቧራ ይለብሳል፣ ውሃ ይረጨዋል፣ ምንም ሆኖ አያውቅም። ልጅቷ መስመሩ እንደተቋረጠባት ለማሠልጠኛው ጽፋ ሌላ ዕድል ጠይቃቸው ነበር። ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን ሞልቷል የሚል መልስ መጣ። ያነበበችላቸው ቁርስ ላይ ነው፤ የሰው ደብዳቤ የምታነብ ይመስል ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቁልፍ አይቆልፍም። ይህን መጀመሪያ ያወቀችው ሚስቱ ናት። የስኳሩ ጣሳ ክፍት ሆኖ ሲከርምባት «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» አለችው። ዘለላውን ከቀበቶው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮታል። ስሙ ግን አልወረደለትም። ሰፈሩ የሰጠውን ስም መልሶ የሚወስድ ሰፈር አይደለም።

ልጅቷ «እስከዚያ ሱቅ ልርዳህ» አለችው። እስከ መቼ እንደሆነ እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቀም። በዓመቱ ውስጥ የሱቁ ሥራ ሌላ ሆነ። እሷ ያጠፈችው አሸንዳ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ደንበኞች ሲመጡ ከእሱ ትከሻ በላይ እሷን መፈለግ ጀመሩ። «እና ልጁ» ለሚለው ማስታወቂያ የተቆረጠው ላሜራ አሁንም አልጋው ሥር ነው። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ነገር ተሟልቶለት አጠገቡ ቆሞ መዶሻ ያነሣል፤ እሱ ግን ጣቶቿ ሽቦ ሲያጠማዝዙ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

የላሜራው እጅ በኋላኛው ክፍል ሞርሳው አጠገብ ተቀምጧል። ልጅቷ አትነካውም። እሱ ግን አንዳንድ ቀን እሷ ሳትኖር ይገባና አውራ ጣቱን ይይዘዋል። ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ሕይወት ያለው ነው የሚመስለው። ያን አውራ ጣት ስትሠራው ያየ ሰው የለም። እሱም አላየም።

በቀደም አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛ አሸንዳዋን ልትወስድ መጣች። ልጆቿ ሁሉ በየአገሩ የተበተኑባት ሴት ናት። ልጅቷ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ጠርዝ ስታጥፍ ቆማ አየቻትና ለአባቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ታድለሃል ጋሼ ቁልፍ» አለችው። «የእኔዎቹ አንዳቸውም አጠገቤ የሉም። አንተ ግን ልጅህን አስቀረሃት።»

ጥግ ላይ መዶሻው አንዴ ቆመ።

«አዎ» አለ። «አስቀረኋት።»

መዶሻው ቀጠለ፤ እሱም የሴትዮዋን አሸንዳ በገመድ ማሰር ጀመረ።